ስንተኛዋ ነሽ?

ይህን የምጽፈው አንድ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው። የልጅ ልጄ ያልሠራችውን ሠራች ተባለች፤ ማስረጃው ስሟ ብቻ ነበር። ከሳሽ አልቆመባትም፣ ምስክር አልተቆጠረባትም፤ ፍርዱ ግን ከሞጣ እስከ ቢቸና በየሰዉ ኪስ ውስጥ ይዞር ነበር።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ብዙ ተጎትቷል፣ ይረፍ። ያወጣሁላት ግን እኔ ነኝ። እናቷ ልጄ ወልዳት ሳትቆይ ሞተችብኝና አሳዳጊዋም ስም አውጪዋም እኔው ሆንኩ። በአገራችን ይህ ስም የሌለበት ሰፈር የለም። ያኔ ደግ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ብዙ ሰው የያዘው ስም ለብቻ አያስጠቁምም ብዬ ነው ያወጣሁት። ትምህርቴ ጥቂት ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለየሁ፣ ከዚያ ዳዊት ደገምኩ፣ እሱው ነው። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን እንዳለ ከመጻፍ ሌላ ብልሃት የለኝም።

ነገሩ የጀመረው በጣት የሚነካው ስልክ ቢቸና ገብቶ በተስፋፋበት ሰሞን ነው። ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሲሄድ ስለነበር ሰው ቪዲዮ የሚያየው ስልክ ቤት ሄዶ በሚሞሪ እያስጫነ ነበር። አንድ ሰው አስጭኖ ከመጣ ሰፈሩ ሁሉ ከእሱ ይቀባበላል።

መጀመሪያ የመጣችው አውቶቡስ ላይ የወጣችው ልጅ ናት። የትኛው አገር መናኸሪያ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ረዳቱ ወንበሯን ለሌላ ሰው ሰጠባት፤ እሷም በኋላ ባለው መሰላል ጣራው ላይ ወጥታ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ወንበሬ ካልተመለሰ አልወርድም አለች። ከታች ሰዉ ስሟን እየጠራ ውረጂ ይላታል፤ እሷ ጃንጥላዋን ዘረጋች። ያቺን ልጅ ባገኛት ግንባሯን እስማት ነበር። ስሟ የልጅ ልጄ ስም ነው።

ትንሽ ቆይቶ ሙሽራዋ መጣች። በሠርጓ ቀን ሲጎራረሱ የባሏን ጣት ነክሳ አልለቅም ያለችው። እናቷ ከዳስ ጥግ ሆና ስሟን እየጠራች ትማጸናታለች፤ ያው ስም። ቀጥሎ ደግሞ ዶሮዋ ገበያ ላይ ያመለጠቻት ሴት መጣች። ዶሮዋ ከአንድ ቄስ ካባ ሥር ገባች፤ ሴትዮዋም ተከትላት ገባች። ጎረቤቶቿ እየሳቁ ይጠሯታል፤ እንደገና ያው ስም።

በዚህ ጊዜ ሰዉ ነገሩን ጨዋታ አደረገው። ሴቶቹን አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ እያለ በቁጥር ይጠራቸው ጀመር። ስሙ የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የመሳቂያ ስም ሆነ። የልጅ ልጄ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ይጠብቋታል።

«ስንተኛዋ ነሽ?» ይሏታል።

«ገና አልተቀረጽኩም» ትላቸዋለች።

እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰው በስሙ ሲቀለድበት ዝም ካለ ቀልዱ አንድ ቀን እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ልጅቷ ታጭታ ነበር። ያጫት የሞጣ ልጅ ነው፤ በአይሱዙ ከቢቸና ገበያ ጤፍ እየጫነ የሚመላለስ። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ብለናል፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። እናቱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ቤቷን በሥርዓት የያዘች ይሏታል። አንድ እግሯን ጎተት ታደርጋለች፤ የጓዳዋን ቁልፍ መቀነቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው።

አራተኛዋ የመጣችው ያኔ ነው።

አራተኛዋ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ አማት የምታስመስል ሴት ናት። እግሯን እየጎተተች ጓዳ ትገባለች። መቀነቷ ላይ ቁልፍ ይንሿሿል። ድስቱን ከፍታ ታሸትታለች፤ ፊቷን አጨፍግጋ፣ «ጨው በዛ! እናትሽ ወጥ ሳታስተምርሽ ነው የሞተችው?» ትላለች። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች እየሳቁ ይወድቃሉ።

እናቷ የሞተችባት ሙሽራ፤ ቁልፍ ያንጠለጠለች፣ እግር የምትጎትት አማት። ሞጣ ላይ ለዚህ ሂሳብ የሚሆን ሰው ለማግኘት አልተቸገሩም፤ አስመሳይዋ የልጅ ልጄ ናት ተባለ።

እኔ ይህን ሁሉ ገና አልሰማሁም። የማውቀው አይሱዙው ገበያው ዳር ቆሞ ሳየው ልጁ ግን ቤታችን ሳይደርስ መሄዱን ነው። ሌላ ጊዜ ሳይጭን በፊት መጥቶ ነበር ጉልበቴን የሚስመው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው፤ ሌላ ሴት አየ አልኩ። ቀጥሎ ጎረቤቶቼን ጠረጠርኩ፤ ስገባ ስልካቸውን ፊቱን ወደ ታች ይደፉታል። በኋላ አንዷ አዝና ቪዲዮውን አሳየችኝና የሚባለውን ነገረችኝ። ከዚያ የራሴኑ ልጅ ጠረጠርኩ።

በዚህ አልጸጸትም። የሰው ልጅ ከመጠየቄ በፊት የራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። ማታ ከሥራ ስትመለስ እግሯን ሳይ ያዘችኝ።

«እምዬ፣ እግሬን ምን ታደርጊዋለሽ?»

ተራመጂልኝ አልኳት። ገባት፤ ለካ እሷ ከእኔ በፊት ሰምታ ደብቃኛለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ እግሯን እየጎተተች ከበር እስከ መደቡ መጣች። አታውቅበትም። አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን ትጎትታለች።

«ይኸው» አለችኝ። «አንቺ ከጠረጠርሽኝ ለሞጣ ሰው ምን እላለሁ?»

ከዚያ ወዲያ እሷን አልጠየቅኋትም። ሌላውን ሁሉ ግን ጠየቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሎቹ ከሞጣ መጡ። የሚናገሩላቸው አንድ ቄስ ነበሩ፤ የቅኔ ሰው ናቸው። እህል ውኃ ቀምሰው ሲያበቁ ልብስ ቢቆሽሽ ይለወጣል እንጂ ሰው አይጣልም አሉ። ቀጥለው ስለ ወርቅና ስለ እሳት አንድ ነገር አሉ።

«አባ፣ ቅኔውን ለተማሪዎችዎ ያቆዩት» አልኳቸው። «ለእኔ ይፍቱልኝ።»

ፈቱልኝ። ሠርጉ አይፈርስም። ነገር ግን አማቲቱ ለሙሽራዋ ከአሁኑ ስም ታወጣላታለች፤ የጥሪ ካርዱም በአዲሱ ስም ይታተማል። የድሮው ስም ሞጣ ላይ አይነሳም።

አንባቢ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች። የፍቅር ስም ነው፤ ልጄ ሆነሻል ማለት ነው። እኔም ወጥቶልኝ ነበር፤ ባለቤቴ እስኪሞት የጠራኝ በሱ ነው። ሲሰሙት ደግ ይመስላል፤ እነሱም ለደግ ያመጡት መስሏቸዋል። እኔ ግን ከሥሩ ያለውን አየሁት።

«ስም የሚወጣላት ገብታ ነው» አልኳቸው። «ሳይገባ ስሙን የሚቀይር ሰው ሠርቶ የሸሸ ነው። ልጄ ከማን ነው የምትሸሸው?»

ቀጥዬ፣ እሷ ናት ያለው ሰው ማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ስሙ ነዋ፣ እማማ፣ ስሙ አለ አሉኝ።

«አባ፣ የእርስዎስ የክርስትና ልጅ ስሟ ይኸው አይደለም? እሷን ለምን አልጠረጠሯትም?»

ቄሱ ጭራቸውን ማራገብ ጀመሩ፤ ዝንብ ግን አልነበረም። መልሳችሁን ሞጣ ድረስ ራሴ አመጣዋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ወደ ሞጣ ከመሄዴ በፊት ግን ስልክ ቤት ሄድኩ። ቪዲዮው ከእኔ ከተማ ነው የወጣው ይባል ነበርና፣ ባለ ሱቁ የማን አፍ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ሱቁ ከገበያው መውጫ ላይ ነው። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ለሳቅ የመጣሁ መስሎት በርጩማ ሰጠኝ። ሁሉንም በተራ እንዲያሳየኝ ነገርኩት። እያየሁ ሳይሆን እየሰማሁ ነበር። አውቶቡሱ ሥር ስሙ ይጠራል። ዳሱ ውስጥ ይጠራል። ገበያው ላይ ይጠራል። አራተኛዋ ላይ ማንም ማንንም በስም አይጠራም። ደግሜ አስከፈትኩት። ሳቅ አለ፣ የቁልፍ ድምፅ አለ፣ ስም የለም።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ አልኩት።

«ኧረ እማማ፣ ስሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። «ሰዉ ይመጣና አዲስ የእሷ አለህ ወይ ይለኛል። የለኝም ካልኩ ወደ ማዶ ሱቅ ይሻገራል። ስለዚህ የምታስቅ ሴት በመጣች ቁጥር በእሷ ስም አስቀምጣታለሁ።»

«እንግዲያው እኔም ገበያ ላይ ሌባ በተያዘ ቁጥር ባንተ ስም ልጥራው።»

ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወው። የዚህ ስም ባለቤት የልጅ ልጄ መሆኗን ነገርኩት፣ ምን እንደደረሰባትም ነገርኩት። ስለ እጮኝነቷ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። በክፋት ይሆናል ብዬ ሳላምነው ዓይኑን ስመረምር ቆየሁ፤ ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከመዝገብ እንደሚፍቁት እፊቴ ፋቀው።

«እዚህ ጠፍቷል» አለኝ። «ከሰው ስልክ ግን አላወጣውም።»

ስሙን የሰጠው እሱ ነው። ነገሩን በልጄ ላይ ያላከከው ግን ሌላ ሰው ነው። እሱን ፍለጋ ሞጣ ወጣሁ።

ልጄ አልሄድም አለች፤ እኔ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ግንደወይን ስንቃረብ ከኋላዬ ያ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። አንድ ሰውዬ ከጎኑ ላለው እያሳየ ነበር። ዞሬ ማን እንደሆነች ታውቃለህ ወይ አልኩት። የቢቸና ልጅ ናት፣ የሞጣ አማቷን ነው የምታስመስለው አለኝ፤ ቤተ ዘመድ እንደሆነ ሁሉ በእርግጠኝነት። ማን ነገረህ ስለው የማያውቅ አለ እንዴ አለኝ። የማያውቅ አለ፣ አንዱ አንተ ነህ አልኩት። እስከ ሞጣ ድረስ ስልኩን አላወጣም።

ሞጣ ደርሼ የአማቲቱን ቤት የጠየቅኋት አንዲት ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ነበረች። የሟቹን ባሏን ስም ነገርኳት፤ አላወቀችውም። የልጁን ነገርኳት፤ አመነታች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እግራቸውን… የቪዲዮዋ?» ብላ ከንፈሯን ነከሰች። እጇን ዘርግታ ቤቱን አሳየችኝ። ያቺ ሴት በገዛ ከተማዋ የምትታወቀው በምን እንደሆነ ያኔ አየሁ።

አማቲቱ ከደጅ ወጥታ ተቀበለችኝ። በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ፤ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ቁልፉ መቀነቷ ላይ ነበር። እግሯን ትጎትታለች፤ ከቪዲዮዋ ሴት ያነሰ እንጂ የበለጠ አይደለም። ዳቦ ቆርሳ አቀረበች። ነገሬን ሳልናገር እህል አልቀምስም አልኳት። ሁለታችንም አንቱ እየተባባልን ነው የተጣላነው።

«ልጄ ናት ብለዋል?» አልኳት።

«አላልኩም።»

ይህን አልጠበቅኩም ነበር። የመጣሁት ውሸት ለማፍረስ ነው፤ የሚፈርስ ነገር አልነበረም። ትንሽ አስቤ እንደገና ጠየቅኋት።

«አይደለችምስ ብለዋል?»

ቁልፉን በእጇ ያዘችው።

«አይደለችምም አላልኩም።»

«ለምን?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነዋ።»

«እርስዎ ዝም ሲሉ ዝንቡ በልጄ አፍ ገባ» አልኳት።

ዳቦውን ባለበት ሸፈነችው። ከዚያ ቀስ እያለች መናገር ጀመረች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ በሩ እያየች። ቪዲዮው የመጣ ሰሞን ገበያ ስትወጣ ከኋላዋ እንደ እሷ እየተራመዱ ይከተሏት ነበር። ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ትልልቅ ሰዎችም። ዞራ ስታይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የማኅበር ቀን ድስት ስትከፍት አንዷ ጨው በዛ አለች፤ ሴቱ ሁሉ ወደ ግድግዳ ዞረ። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሰው፣ ይቺ እኮ ያንቺው ምራት ናት፣ ስሟን አታይም አላት።

«የልጅዎን ድምፅ በስልክ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «እሷ አይደለችም። ግን ምራትሽ ናት ሲሉኝ የናቀኝ ሰው አንድ ሆነ። ከዚያ በፊት ከተማው ሁሉ ነበር።»

አዘንኩላት። ማዘኔን አልደበቅኳትም። ማዘን ግን ሌላ ነው፣ ፍርድ ሌላ ነው። ሌላው ሰው ባለማወቅ ነው የበደለን፤ እሷ እያወቀች ነው። ይህንንም በግልጽ ነገርኳት። ዝም ያሉት በሰው ፊት ነው፣ አይደለችም የሚሉትም በሰው ፊት ይሁን አልኳት። ለማን ልናገር፣ ሰብስቤ አዋጅ ላስነግር ወይ አለችኝ። የሳቁትን እርስዎ ያውቋቸዋል አልኩ።

እሺም እንቢም አላለችኝም። ተነስታ እየጎተተች ጓዳ ገባች፤ ቡና ላፍላ አለችኝ ከውስጥ ሆና። ሳልጠጣ፣ ዳቦውንም ሳልቀምስ ተመለስኩ። ከሰው ቤት እንደዚያ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ሽማግሎቹ ሌላ ቃል ላኩ። ካርዱ በልጅቷ በራሷ ስም ይታተም፣ የስሙ ነገር ይቅር። ምክንያት አልተጨመረበትም። ጎረቤቶቼ እሰይ አሉ። እኔን ግን ይህ ባሰብኝ። ሰው ሳይከራከር የሚለቀው ሌላ ቦታ የሚይዘው ሲኖረው ነው። አሰብኩት፣ አገኘሁትም፤ ስሙን በሥርዓቱ ልታወጣው ነው። ሙሽራዋ ከገባች በኋላ፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ዘመዶቿ ፊት። ያኔ እንቢ የሚል የለም፤ እኔ በደንቡ እዚያ አልገኝም። ስሙን በፍቅር ሸፍነው ሊቀብሩት ነው አልኩ።

ለልጄ ነገርኳት። ሌላ ስም ቢያወጡልሽ አቤት እንዳትዪ አልኳት።

«እምዬ፣ ለራት ሲጠሩኝስ ዝም ልበል?» አለችኝ።

ሠርጉ ሆነ። ልጁ ሊወስዳት ሲመጣ ጉልበቴን ሳመ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ አይሱዙው በአበባ ተሸፍኖ ነበር፣ ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉ እስከ ከተማው መውጫ ሸኟት። እኔ እየመረቅኩ እጠረጥር ነበር። ከዚያ እስከ መልሱ ድረስ ስልክ ስትደውል ስለ ስሙ አልጠየቅኋትም። ሰው አጠገቧ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነቱን ከፊቷ ማንበብ እፈልግ ነበር።

ለመልሱ ሲመጡ በር ላይ ቆሜ ሚዜዎቹን አዳመጥኩ። ምን ብለው እንደሚጠሯት ለመስማት ነው። «ሙሽሪት» ይላሉ፤ «ሙሽሪት፣ ቀስ በዪ»፣ «ሙሽሪት፣ ውኃ»። ሌላ የለም። አዲሱን ስም እኔ ፊት ላለመጥራት የተማከሩ መሰለኝ።

ልጁን ወደ ጓዳ ጠራሁት። እናትህ ማን አለቻት አልኩት። አንገቱን አከከ። ከሚያወራ ቢያሳየኝ እንደሚሻል ተናገረና ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ልጄ ከኋላው መጥታ ትከሻዬን ያዘች። የሰው ስልክ ውስጥ ደግሞ ምን አለብኝ እያልኩ ከዓይኔ አርቄ ያዝኩት።

ዳሱ ይታያል። ሞጣ ያለ ሰው ሁሉ የመጣ ይመስላል፤ ስልኩን ያላነሳ የለም። ልጄ ከባሏ ጎን ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። አንዱ ከኋላ፣ «ስም! ስም ይውጣላት!» ይላል፤ ሌላውም ይቀበለዋል። አማቲቱ ከዳሱ ጥግ ተነሳች። እስከ ሙሽሮቹ ድረስ ረጅም ነው፤ ያን ሁሉ እግሯን እየጎተተች፣ ቁልፏ እየተንሿሿ፣ ሳትቸኩል ሄደች። የሳቀ ሰው አልሰማሁም። ልጄን በእጇ አስነስታ ወደ ሰዉ አዞረቻት፤ ስሟን፣ እኔ ያወጣሁላትን ስም፣ ጮክ ብላ ጠራችና እንዲህ አለች፦

«ቪዲዮው ላይ ያለችው ይቺ ልጅ አይደለችም። አይደለችም ማለት እየቻልኩ ዝም ብያለሁ። እኔ ስም አላወጣላትም፤ የራሷን ይዤባት ነበር፣ ይኸው መልሻለሁ።»